ለእሁድ የተቀጠረ መርዶ

ሰው ነን ብለን እንሄዳለን እንጂ አንዳንዴ የምንሠራው ሥራ ለወሬም አይመችም። ማንደፍሮ፣ ያ ድምፁ የማይሰማ፣ ማንም የማይጠላው ማንደፍሮ፣ ያን ሳምንት ባሰበው ቁጥር እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸዋል። ይበለው! እጁ አለበታ።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ በሁለት ሺህ ስድስት፣ መጋቢት ውስጥ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ማንደፍሮ ሮተርዳም በሚሠራበት መጋዘን ካርቶን ሲደረድር ስልኩ ጮኸ። ከሞጣ ነው። የአበባይሽ የአክስት ልጅ።

«ማንዴ፣ እማማ ይታክቱ አረፉ። ትናንት ማታ ነው፤ ዛሬ ቀበርናቸው። ለልጅቷ እንዴት እንደምትነግሯት እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

ልጅቷ የሚሏት አበባይሽን ነው። አርባ አምስት ዓመት ሞልቷታል፤ ለሞጣ ሰው ግን አሁንም ልጅቷ ናት። ሮተርዳም ዳርቻ፣ ሆግቭሊት፣ የነዳጅ ማጣሪያው ሽታ እስከ መስኮቷ በሚመጣበት ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ሥራዋ አረጋውያን መጦሪያ ነው፤ የፈረንጅ ሽማግሌ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። ባል የለ፣ ልጅ የለ፣ እህት ወንድም የለ። ያለቻት እናቷ ብቻ ነበረች። በየእሁዱ ትደውልላትና ስለ ዶሮው፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ወገብ ሕመሙ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሉ። ማንደፍሮና እሷ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ በአንድ ኮሪደር ሁለት ዓመት ኖረዋል፤ ወንድሜ ነው የምትለው። ለዚህ ነው የተደወለው ለእሱ።

መርዶ መቼም በስልክ አይነገርም። ሰው ይሰበሰብና በማለዳ፣ ሐዘንተኛው ከአልጋው ሳይወርድ፣ በሩ ይንኳኳል። እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ይሄ ውሸት አይባልም፤ ወግ ነው፤ ሐዘኑ ሰውን ብቻውን አግኝቶ እንዳይሰብረው ተብሎ ነው። ሆላንድ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሥራ ላይ ስለሚውል መርዶ ቅዳሜን ይጠብቃል። ማንደፍሮም ቅዳሜ ማለዳ ብሎ አሰበና ለእድሩ ሊቀመንበር ለግርማ ደወለ።

ግርማ ዴን ሃግ ነው የሚኖረው፤ ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ክራባቱን ለልደትም ለለቅሶም አያወልቅም። መርዶውን ሲሰማ ከንፈሩን መጠጠ። ማንደፍሮ ሐዘን መሰለው።

«ወይኔ ጉዴ» አለ ግርማ። «በዚህ ሳምንት?»

«ሞት ሳምንት ይመርጣል እንዴ?»

«አይ፣ ማለቴ... ቅዳሜ ከነገርናት እሁድ ማን ያለቅሳል?»

«ማን ያለቅሳል? እሷ ናታ!»

«ቤቷ አይደለም የምልህ። ሙዚየሙ ውስጥ።»

እዚህ ላይ ነው ማንደፍሮን መጀመሪያ የቀፈፈው። ዴን ሃግ፣ ከባቡር ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ የሚያስኬድ አንድ ሙዚየም አለ። በወር አንድ እሁድ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሥዕል፣ ስለ ከተማው ሰው አኗኗር ለሕዝብ ያስወራል። ሱሪናሞቹ አውርተዋል፣ ቱርኮቹ አውርተዋል፤ ግርማ አንድ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቶ ተራው ለእኛ ደረሰ። ርዕሱ «የኢትዮጵያውያን እድር፤ አብሮ የማዘን ባህል» ነው። ግርማ ያወራል፤ ከዚያ ለቅሶ እንዴት እንደሚለቀስ በተግባር ይታያል። አልቃሿ አበባይሽ ናት። ሌላ ማን አለ? ከአምስተርዳም እስከ ሮተርዳም ሰው በሞተ ቁጥር ሙሾ የምታወርደው እሷ፣ ድንጋይ የምታስለቅሰው እሷ። የከተማው ሹምም ትመጣለች ተብሏል፤ ለእድሩ አዳራሽ ከተገኘ በእሷ በኩል ነው።

«አንድ ቀን ብቻ ነው» አለ ግርማ። «ቅዳሜ ማለዳ የነበረውን እሁድ ማታ ማድረግ ነው። ሴትየዋ እንደሆኑ ተቀብረዋል፤ አይነሱ። አዳራሹ ግን ካመለጠ አመለጠ። እሱም ቢሆን ነገ ለእሷው ነው የሚሆነው።»

ማንደፍሮ «ተው ግርማ» አለ። ሌላ ምን አለ? ምንም። «ተው ግርማ» ብሎ ስልኩን ዘጋና ካርቶኑን መደርደሩን ቀጠለ።

በማግስቱ ኮሚቴው በስልክ ተነጋገረ። ሐሊማ፣ አምስተርዳም ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፈው የወሎዋ ሐሊማ፣ ጮኸች። «አላህን አትፈሩም? የሰው ሐዘን ቀጠሮ አስይዛችሁ ልታሳዩ?» አለች። አበጋዝ የሚሉት የኮሚቴው ጸሐፊ «እስቲ ረጋ እንበል፣ አንድ ቀን ነው» አለ። ግርማ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ልጆቹ የቋንቋ ትምህርት፣ ሬሳ ተሸክመን የሰው ቤተ ክርስቲያንና የሰው መስጊድ ደጅ ስለመቆማችን አወራ፤ ሲያወራ ደግሞ አያልቅበትም። ሐሊማም ቀስ በቀስ ዝም አለች። ከዚያ ለእድሩ አርባ አባል ሁሉ ተደወለ፦ እንዳትናገሩ፣ እሁድ ከሙዚየሙ ስንወጣ ቤቷ እንሄዳለን። አርባ ሰው «እሺ» አለ። ከአርባ ሰው አንድ እንኳ «እኔ የለሁበትም» የሚል ጠፋ። ቱ!

ቅዳሜ፣ መርዶው ሊነገር በሚገባው ቀን፣ አበባይሽ ማንደፍሮን ቤቷ ጠራችው። ነጠላዋን ተኩሳለች፤ ፀጉሯን አሠርታለች፤ ስትስቅ ሁለት ጥርሷ የጎደለበት ይታያል።

«ማንዴ፣ ፈረንጅ ፊት እንዴት አለቅሳለሁ? ሳቄ ቢመጣስ?»

«አይመጣም» አለ ማንደፍሮ፤ ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«ለማን እንደማለቅስ ታውቃለህ? አያ ሞላ የሚባል ሰው ፈጥሬያለሁ። አገርም የለው፣ ዘርም የለው። በቁም ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። ነገ ስጨርስ ለእማዬ ደውዬ እነግራታለሁ፤ ለሌለ ሰው አልቅሼ ፈረንጅ አስለቀስኩ ስላት በሳቅ ትሞታለች።»

ማንደፍሮ ሻዩን ጠጣ።  አሁንም መናገር ይችል ነበር፤ እዚያው፣ ሁለት ሆነው፣ እጇን ይዞ። «ሰው ሳይሰበሰብ ብቻዋን አላረዳትም፤ ወጉ አይደለም» ብሎ ለራሱ ነገረው። ምን ዓይነት ወግ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። የፈሪ ወግ ነው። ተነስቶ ሄደ።

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ የሙዚየሙ አዳራሽ ሞልቷል። በአንድ ወገን ፈረንጆቹ፣ አብዛኞቹ ሽበታም ጡረተኞች፣ ቡናና ኬካቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። በሌላው ወገን የእኛ ሰዎች፣ አርባውም፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው። አበባይሽ «ዛሬ ደግሞ አንድም ሳትቀሩ መጣችሁ፤ ሰርግ አስመሰላችሁት» ብላ አንድ በአንድ ስትስም ሁሉም ጉንጩን እየሰጠ ዓይኑን ይሸሻል። ሁለት ሦስት ሴቶች ጥብቅ አድርገው አቀፏትና ቶሎ ለቀቋት። እሷ ፍቅር መሰላት። 

የሙዚየሙ አስተናጋጅ ኢነከ የምትባል ረጅም ሴት ናት። እንግዶቹን ተቀበለች፤ ሹሟን አስተዋወቀች፤ መድረኩን ለግርማ ሰጠች። ግርማ አርባ ደቂቃ አወራ። ሆላንድኛው እንከን የለውም። «በእኛ ባህል» አለ፣ «ሐዘንተኛ ለአንዲት ሰዓት እንኳ ብቻውን አይተውም። ሐዘኑ የሁላችን ነው።» ፈረንጆቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዷ በማስታወሻ ደብተር ትጽፋለች። ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚያወራው! የእኛ ሰዎች ጉልበታቸውን እያዩ ሰሙት። ሐሊማ ከማንደፍሮ አጠገብ ተቀምጣ ከንፈሯን ነክሳለች።

ከዚያ አበባይሽ ወጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አገልድማ፣ ደረቷን ቀስ ብላ እየደቃች፣ ለአያ ሞላ፣ ለዚያ ለሌለ ሰው፣ ሙሾ አወረደች። ፈረንጆቹ ኬካቸውን አስቀመጡ። ለሌለ ሰው እንዲህ ካለቀሰች ለእናቷማ ምን ልትሆን ነው? ስትጨርስ ተጨበጨበ፤ እሷም እንደ ልጅ አፍራ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ማንደፍሮ በረጅሙ ተነፈሰ። አለቀ፤ አሁን ወደ ቤት ብሎ አሰበ።

አላለቀም። የጥያቄ ሰዓት ሆነ። ኢነከ አበባይሽን በሆላንድኛ ጠየቀቻት። «ለአንድ ለምትወጂው ሰው ሲሆን ለቅሶው ይለያል? በአጭሩ ልታሳይን ትችያለሽ?»

«ያለችኝ እናቴ ብቻ ናት» አለች አበባይሽ ፈገግ ብላ፣ «እሷም በሕይወት አለች።»

«ውይ፣ ይቅርታ! እንግዲያው አያስፈልግም፣ ይቅር» አለች ኢነከ፤ ፊቷ ቀላ።

ልብ በሉልኝ። ፈረንጇ ተወችው። ምንም የማታውቀው ሴት አፍራ ተወችው። ያልተወው ግርማ ነው። ሹሟ ከወንበሯ ወደፊት ጎንበስ ብላ ታይ ስለነበር አልተወውም።

«አበባይሽ፣ ለእናትሽ በይላት» አላት በአማርኛ፣ በፈገግታ። «ምን አለበት? ሁለት ስንኝ ናት።»

«ሟርት ነው ግርማ፤ ተው።»

«በዚህ ዘመን ሟርት አለ እንዴ? ማሳያ ነው። አዳራሹን አስቢ።»

አርባ ሰው ተቀምጧል። አርባ ሰው አማርኛ ይሰማል። የሚንቀሳቀስ የለም፤ የሚስል እንኳ የለም። አበባይሽ በሰዎቹ መሀል ዓይኗን አዞረችና ማንደፍሮ ላይ አሳረፈችው።

«ማንዴ፣ ልበል?»

እንግዲህ ይሄን ነው የሚያስታውሰው። ሌላውን ሁሉ ለግርማ ሊሰጠው ይችላል፤ ይቺን ለማንም መስጠት አይችልም።  አትበይ ካለ ለምን ትለዋለች፤ ለምን ካለችው መናገር ሊኖርበት ነው፤ ከተናገረ ፈረንጅ ፊት... ራሱን ነቀነቀ። አዎ፣ በይ ብሎ ነቀነቀ።

«ይቅር በይኝ እማዬ» ብላ ሳቅ እያለች ወደ ጣሪያው አየችና ጀመረች፦

እንዴት ነሽ ስላት ደህና ነኝ ባይዋ፣
ዛሬስ ዝም አለችኝ የት ሄደ ወሬዋ።

ሁለተኛውን ስንኝ ሳትጨርስ ከእኛ ሰዎች መሀል አንዲት ሴት ጮኸች። ቀጥላ ሌላዋ። ሐሊማ ሻርፗን አፏ ውስጥ ወትፋ ትንቀጠቀጣለች። አበባይሽ መጀመሪያ ደስ አላት፤ አምሮልኛል ማለት ነው ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ከዚያ ወንዶቹን አየች። አበጋዝ፣ ያ በአባቱ ቀብር እንኳ ያላለቀሰ ደረቅ ሰው፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። እሷ መቼም አልቃሽ ናት፤ የውሸት እንባና የእውነት እንባ ለይታ ታውቃለች። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደና ቆመ።

«ሐሊማ፣ ምነው? ማሳያ ነው እኮ።»

ሐሊማ ፊቷን ሸፈነች።

«ምንድን ነው? ምን ሆናችኋል?» አንድ በአንድ ታያቸዋለች፤ አንድ በአንድ አንገታቸውን ይደፋሉ። እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ። «ማንዴ... እማዬ?»

ማንደፍሮ ተነሳ። «አበባይሽ» አለ። ሌላ ቃል አላስፈለገም። ያችን ሴት የጣላት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው፣ መድረኩ ላይ በቁመቷ መውደቋን ያየ፣ እንደዚያ ያለ ጩኸቷን የሰማ፣ ምን ያደርጋል?

ያጨበጭባል። ፈረንጆቹ ከወንበራቸው ተነስተው አጨበጨቡ። ምን ያድርጉ፤ ለቅሶ እንዴት እንደሚለቀስ ሊያዩ ነው የመጡት። ሹሟ ዓይኗን በመሐረብ ትጠርጋለች። ግርማ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጭብጨባው ሲበረታ፣ እጁን ክራባቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። እጅ ነሳ እኮ! ማንደፍሮ ይሄን ሲያይ ወደ መድረኩ ተንደረደረ።

«አቁሙ!» ብሎ በተሰባበረ ሆላንድኛው ጮኸ። «እናቷ ሞታለች! እውነት ነው! እናቷ ሞታለች!»

ከፊቱ የቆመች አንዲት ሽበታም አሮጊት እጁን በሁለት እጇ ጨበጠችው። «ገብቶናል፣ የኔ ወንድም» አለችው እንባዋ እየወረደ። «ገብቶናል። እጅግ ግሩም ነው።»

ማንደፍሮ እጁን ነጥቆ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ ሮጠና የበላውን ሁሉ አወጣ።

በስምንት መኪና ተከታትለን ሆግቭሊት ደረስን።  አበባይሽ ሊደግፏት ሲሉ ክንዷን ታስለቅቃለች። ደረጃውን ራሷ ወጣች፤ አርባው ሰው እየተከተለ በፎቁ ክፍት ኮሪደር ላይ ተሰለፈ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ እጃቸውን አጣምረው። እንደ ወጉ። በሯን ከፈተችና ደፉ ላይ ቆማ ዞር አለች።

«መቼ ነው የሰማኸው?» አለችው ማንደፍሮን።

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ» አለች። «ረቡዕ ፀጉሬን ተሠራሁ። ትናንት ቤቴ መጥተህ ሻይ ጠጣህ። ዛሬ ልበል ስልህ በይ አልከኝ።»

ግርማ ከኋላ «አበባይሽ፣ እህቴ፣ ወጉን ታውቂዋለሽ፤ ሰው እስኪሰበሰብ...» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ዝም በል» አለች፤ አልጮኸችም። «እናቴ አፈር ለብሳ፣ እናንተ እያወቃችሁ፣ እኔ ስቄ አለቀስኩላት። ሰምታችኋል? እየሳቅሁ።»

ሐሊማ ወደፊት ራመድ አለችና «አላህ ያጥናሽ አበባይሽ፣ እንግባና እንቀመጥ፤ ብቻሽን አትሁኚ» አለች።

«ግቡ አልልም። ለቅሶ ደርሳችሁኛል። እንባችሁን አይቻለሁ፤ ተጨብጭቦላችኋል። ሐዘንተኛ ቤት ሁለቴ አይደረስም።»

አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ከሐዘን ቤት ደጅ እንዴት ተመልሶ እንደሚኬድ ማንም አያውቅም፤ ማንንም አጋጥሞት አያውቅማ። በዚህ መሀል የጎረቤቷ በር ተከፈተና አንዲት የሱሪናም አሮጊት በነጠላ ጫማ ብቅ አለች። የሰውን ብዛት አየችና ደንግጣ አበባይሽን በሆላንድኛ ጠየቀቻት።

«እናቴ ሞተች» አላት አበባይሽ።

«መቼ?»

«አሁን ነው የሰማሁት።»

አሮጊቷ ሌላ አልጠየቀችም። አበባይሽን በክንዷ ደገፈቻት፣ ይዛት ገባች፣ በሩንም ከውስጥ ዘጋችው። አርባው ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ። ማንደፍሮ ጆሮውን ወደ በሩ ጣለ፤ ለሰው ሁሉ ያለቀሰችው ሴት ለእናቷ ስታለቅስ ሊሰማ፣ ቢያንስ ከውጭ ሆኖ አብሯት ሊያለቅስ። ከውስጥ የሚሰማው አሮጊቷ በሆላንድኛ ቀስ ብላ የምታወራው ብቻ ነበር።

ግርማ ትከሻውን ነካ አደረገው። «ትንሽ ትረፍ። ነገ ማለዳ ተሰብስበን እንመጣለን» አለው።

«ምን ልንነግራት?» አለ ማንደፍሮ።